ሮም በሦስት ቀን ከልጆች ጋር፦ ከቪዛው እስከ አበበ ቢቂላ መንገድ

ሮም በሦስት ቀን ታይታ አታልቅም። በሦስት ወርም አታልቅም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁሉንም ካላየሁ ለሚል ሰው አይሆንም። የተጻፈው ልጆች ይዞ በአጭር የትምህርት ቤት እረፍት ለሚሄድ፣ በጀቱም ልክ ላለው ቤተሰብ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ በቀን አንድ ቲኬት የሚያስፈልገው ቦታ ብቻ፣ እሱም በጠዋት። የቀረው በእግር፣ አብዛኛው በነጻ፣ እንደ ልጆቹ ሙድ።

ደግሞም ሮም ለእኛ ተራ የቱሪስት ከተማ አይደለችም። የእኛ ታሪክ በየመንገዱ ተበትኖባታል። ሌላው ጎብኚ ሳያያቸው የሚያልፋቸውን እነዚህን ቦታዎች መሃል መሃል ላይ አስገብቻለሁ።

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ቲኬታችሁ ላይ የሚታተመው በእነሱ ነው። ቲኬቱ 8፡30 ካለ ከጠዋቱ 2፡30 ማለት ነው። አያት አብረው ከመጡ ይህን ደግማችሁ ንገሯቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

ሸንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዱ) ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የሁሉንም፣ የሕጻኑንም ጭምር፣ ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ያዙ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝ፣ አሜሪካ ወይም ገልፍ የምትኖሩ ግን ቪዛ ማውጣት አለባችሁ። ግሪን ካርድም ሆነ ኢቃማ ለዚህ አይረዳም።

ከአዲስ አበባ ለምትነሱ ጊዜው ነው ጣጣው። ከ2024 ጀምሮ የኢትዮጵያውያን የሸንገን ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። በጊዜ አስገቡ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ አዘጋጁ። ቪዛው እስኪወጣ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዙ።

2. ወቅቱን ምረጡ

ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር። በቃ። ጁላይና ኦገስት ድንጋዩ ራሱ ይተኩሳል፤ ኦገስት 15 አካባቢ ደግሞ የሮም ሰው ራሱ ወደ ባሕር ይሄድና ብዙ ትናንሽ ሱቆች ይዘጋሉ። የካቶሊኮቹ ፋሲካ ሳምንት ከተማው ይጨናነቃል። የእነሱ ክረምት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ርካሽ ነው፤ ቀኑ አጭር ቢሆንም ዝናብ ለማይፈራ ሰው አይከፋም።

3. ማደሪያ

መኪና አትከራዩ። መሃል ከተማው ለነዋሪ መኪና ብቻ የተፈቀደ ክልል ነው፤ ካሜራው ቅጣቱን እቤታችሁ ድረስ ይልክላችኋል።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ርካሽ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሁሉም ትራንስፖርት እዚያ ይገናኛል። ማታ ማታ ግን ብዙም ደስ አይልም። ሞንቲ የሚባለው ሰፈር በተርሚኒና በኮሎሲየም መሃል ነው፣ በእግር ብዙ ቦታ ያደርሳል። ፕራቲ ለቫቲካን ቅርብ ነው፤ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጋሪ ለሚገፋ ቤተሰብ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ትራስቴቬሬ ለእራት እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም።

ኩሽና ያለው አፓርታማ ለቤተሰብ ይሻላል። ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና አሳንሰር እንዳለው ጠይቁ፤ ሕንጻዎቹ ያረጁ ናቸው። ማደሪያው ላይ በሰው በአዳር የሚከፈል የከተማ ግብር አለ። በሆቴሉ ደረጃ ይለያያል፣ እስከ 10 ዩሮ ይደርሳል። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም።

4. ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቲኬት ያዙ

አንደኛው ኮሎሲየም ነው። የኮሎሲየም አርኪዮሎጂ ፓርክ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ግዙ፤ ሌሎቹ ያንኑ ቲኬት እጥፍ ይሸጣሉ። ሽያጩ የሚከፈተው 30 ቀን ቀድሞ ነው። በዚያው ቀን ድረ ገጹ ላይ ካልገባችሁ የጠዋቱ ሰዓት ወፍ የለም። መደበኛው ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ የጥንቱን የከተማ መሃል ሮማን ፎረምንና የፓላታይን ኮረብታንም ያካትታል። ከ18 ዓመት በታች ነጻ ቢሆንም ለእነሱም የነጻ ቲኬት መያዝ ግዴታ ነው። ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የልጁን ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ። የአበሻ ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው የቫቲካን ሙዚየም ነው፣ እሱም ከፈለጋችሁ። ሐሳቤን ልናገር፦ ከ8 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ተዉት። እስከ ሲስቲን ቻፕል ያለው መንገድ ረዥም ነው፤ በሰው መሃል ጉዞ ነው፣ መሃል ላይ መውጣትም ቀላል አይደለም። ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ግን ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሳለውን ጣሪያ ማየት ድካሙን ይክሳል። ሙዚየሙ እሁድ ዝግ ነው፤ በወሩ የመጨረሻ እሁድ በነጻ ይከፈታል፣ ያን ቀን ደግሞ ሰልፉን አያድርስ ነው።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ሙዚየሞች ነጻ ናቸው። ከልጅ ጋር አይነፋም። ያተረፋችሁትን ብር በሰልፍ ትከፍሉታላችሁ።

5. ቦርሳ

ነጠላ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ሌላው ቱሪስት በር ላይ ሻርፕ ሲገዛ እናንተ ነጠላ ጣል አድርጋችሁ ትገባላችሁ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ያውም የተነቃቀለ። ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ አይሆንም፤ ወይ ትልቅ ጎማ ያለው፣ ወይ ሕጻኑን ማዘል። ለእያንዳንዱ ሰው ባዶ የውሃ ጠርሙስ። እግር የለመደው ጫማ፤ አዲስ ጫማ ለሮም አይገዛም።

ውሃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል ናሶኒ የሚባሉ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ውሃቸው ቀንና ሌሊት ይፈሳል፣ ይጠጣል፣ ቀዝቃዛ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ይህን ለልጆቹ አንዴ ካሳያችኋቸው ቀሪውን ቀን ርጥብ ሆነው ነው የሚውሉት።

6. የመድረሻ ቀን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል። ከዚያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል፤ ለአዋቂ 14 ዩሮ ነው። ታክሲ ደግሞ በድሮው የኦሬሊያን ግምብ ውስጥ ላለ አድራሻ ቁርጥ ዋጋው 55 ዩሮ ነው፤ በመኪናው እንጂ በሰው አይደለም። ለአራት ሰው ከነሻንጣው ታክሲው ያዋጣል። ከግምቡ ውጭ ለሆነ አድራሻ፣ ፕራቲን ጨምሮ፣ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ። ሕጋዊው ታክሲ ነጭ ነው፤ በተራው ቆሞ ይጠብቃል። አዳራሹ ውስጥ "ታክሲ? ታክሲ?" እያለ የሚከተላችሁን ላሽ በሉት።

በከተማው ሜትሮና አውቶቡስ የባንክ ካርድ በማስነካት መሳፈር ይቻላል። አንድ ጉዞ 1.50 ዩሮ ነው። እያንዳንዱ አዋቂ የየራሱን ካርድ ያስነካ፤ ከ10 ዓመት በታች ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳል።

ከሰዓት ደርሳችሁ ሻንጣ ካስቀመጣችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ትንሽ እልፍ ብሎ ባለችው የአትክልት ቦታ ውስጥ መታሰቢያቸው አለ፤ ከግብጽ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሰይፍ የመዘዘውም እሱን አይቶ ነው ይባላል። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ነው። ስንቱ ሐበሻ በዚያ አደባባይ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን ጥቂቱ ነው።

ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ አለች። መግቢያ በነጻ ነው። በግራ በኩል ባለው ጸሎት ቤት ከመሠዊያው በላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል እዩ። ልጁን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ። እናታችሁ አብራ ካለች "ይቺማ የእኛዋ ናት" ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። ጄስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዚህችን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ አምጥተው፣ ሠዓሊዎቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ የሚስሏት ምስለ ፍቁር ወልዳ ከእሷ ብዙ ወስዳለች። በ2025 ያረፉት ፖፕ ፍራንሲስ የተቀበሩትም እዚህ ነው።

7. የመጀመሪያው ሙሉ ቀን፦ አበበ፣ ከዚያ ኮሎሲየም

ሜትሮ ቢ ይዛችሁ ኮሎሴዮ አትውረዱ። አንድ ፌርማታ ወረድ ብሎ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። የኮሎሲየም ቲኬታችሁ ለ4 ሰዓት ከሆነ እዚህ 3 ሰዓት ገደማ ድረሱ።

ስትወጡ ትልቅ ነጭ ሕንጻ ታያላችሁ፤ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ነው። የተጀመረው ለሙሶሎኒ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው እዚህ ነው። በሦስት ተከፍሎ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ቆመ። አሁን ሐውልቱ እዚህ የለም። አለመኖሩን ማየት ራሱ ደስ ይላል።

አሁን ለልጆቹ ንገሯቸው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በአፒያ መንገድ አድርጎ እዚህ ደረሰ። ከጎኑ ሞሮኳዊው ራዲ ነበር። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ አበበ ለቀቀው። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን አብርተው ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዝግቦ ገባ፤ ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለው። የመጨረሻው መስመር የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ነበር።

ከቆማችሁበት እስከ ቅስቱ ያለው መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ነው። ቀጥ ያለ ነው፤ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በዳር በዳሩ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ጥላ አለው። ልጆቹን ልቀቋቸው። ይሩጡት። አንዱ ወላጅ ቀድሞ ቅስቱ ጋ ይቁምና ሰዓት ይያዝ። በባዶ እግር የሚል ልጅ ይመጣል፤ ጠጠርና የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ አይሆንም በሉት። ለፎቶ መጨረሻዋ ላይ ጫማውን ያውልቅ።

ቅስቱ አጠገብ ኮሎሲየም አለ። ቬስፓሲያን ያስጀመረው ነው፤ ልጁ ጥጦስ በ80 መረቀው። 50,000 ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር። ውስጡ አንድ ሰዓት ይበቃል። ልጆች የሚወዱት ወለሉ ተነሥቶ ከሥር የሚታየውን የጉድጓድ ከተማ ነው፤ አውሬዎቹን በገመድ ማንሻ ወደ ላይ ያወጧቸው ከዚያ ነበር።

ፎረሙን ሙሉውን ለመዞር አትሞክሩ። ፍርስራሽ ለልጅ ድንጋይ ነው። ወደ ጥጦስ ቅስት ብቻ ሂዱና ከሥሩ ቆማችሁ የውስጥ ግድግዳውን እዩ። የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ልጅ ሳትነግሩት ይለየዋል።

ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ውጡ።

8. ሁለተኛው ቀን፦ ቫቲካን በማለዳ

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ በነጻ ነው፤ ወረፋው የፍተሻው ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል። እስከ 2 ሰዓት ከደረሳችሁ ትገላገላላችሁ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ አደባባዩን ይዞራል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ሌላ ቀን ምረጡ።

ጉልላቱ ላይ መውጣት በክፍያ ነው። 551 ደረጃ አለው፤ አሳንሰር ብትከፍሉም 320ው ይቀራችኋል። መጨረሻው ላይ ግድግዳው ራሱ ያዘነብላል፣ መንገዱ ይጠባል። ጠባብ ቦታ የሚፈራ ሰው እታች ይቅር። ላይ የደረሳችሁ በአደባባዩ ተቃራኒ በኩል ወዳለው የአትክልት ስፍራ ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ እዚያ ውስጥ ነው፤ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ብቸኛው እንዲህ ያለ ኮሌጅ ነው። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቶቻችን የኖሩበት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ያሳተሙትም እዚያ ሆነው ነው። እንዲሁ ዘው ተብሎ አይገባም፤ ቦታውን ማወቁ ግን ደግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግራችሁ ፒያሳ ናቮና። መሃል ላይ በርኒኒ በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። ፊቱን በጨርቅ የተሸፈነው ሰውዬ ዓባይ ነው። የተሸፈነው ምንጩ ስላልታወቀ ነው ይላሉ። ጎጃሞች ምንጩ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ጄስዊትም በ1618 ግሽ ድረስ ሄዶ አይቶታል። ልጆቻችሁ ይህን ትምህርት ቤት ሄደው ያውሩት።

ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ከዚያ አምስት ደቂቃ ነው። ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል፣ ከ18 ዓመት በታች ነጻ ነው። ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት አለው፣ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያው 43 ነው። አናቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ ስላለ ዝናብ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ልጆቹ ይፈልጉ።

ትሬቪ ፏፏቴን ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ወይም ንጋት ላይ እዩት። ቀን ላይ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ፏፏቴ ውስጥ እግር መንከር በገንዘብ ያስቀጣል፤ የስፔን ደረጃ ላይ መቀመጥም እንዲሁ።

9. ሦስተኛው ቀን ቲኬት የለውም

ቪላ ቦርጌዜ ሂዱ። ትልቅ መናፈሻ ነው፤ በትንሹ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይቀዘፋል፣ ቤተሰብ የሚይዝ ባለ አራት ጎማ ብስክሌት ይከራያል። ወይም ጃኒኮሎ ኮረብታ ውጡ። ልክ ቀን 6 ሰዓት ላይ ወታደሮች በየዕለቱ መድፍ ይተኩሳሉ። ባዶ ጥይት ነው፣ ድምፁ ግን ቀላል አይደለም፤ የሕጻን ጆሮ ያዙ።

10. ምግብና ጾም

የጾም ሰሞን ከሆነ ሮም አትቸግርም። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብም ዓሣም የለበትም። ፓስታ አራቢያታ አለ። ሲያዙ "ሴንዛ ፎርማጆ" በሉ፣ አይቡን ይተዉታል። በእጅ የተሠራ ፓስታ እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን ስፓጌቲ ምረጡ።

ለምሳ በኪሎ የሚሸጥ ፒዛ ፈልጉ፤ ምን ያህል እንደምትፈልጉ በእጅ እያሳያችሁ ታስቆርጣላችሁ። ቡና ቆሞ ሲጠጣ ርካሽ ነው፣ ሲቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ስታዙ የሚመጣው ከአዲስ አበባው በጣም ያነሰ ነው፤ የለመዳችሁትን ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ። እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ብዙ ቦታ አይከፈትም፤ ለልጆቹ መክሰስ ያዙ።

11. ኪስ አውላቂና ዘመድ መሳይ

64 ቁጥር አውቶቡስ፣ ሜትሮ ኤ እና ተርሚኒ ላይ ቦርሳ ከፊት ይሁን፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ይውጣ። ኮሎሲየም አካባቢ "አፍሪካ! ወንድሜ!" እያለ እጃችሁ ላይ አምባር የሚያስር ይመጣል። ስጦታ ነው ይላል፣ ቆይቶ ገንዘብ ይጠይቃል። እጃችሁን ሳትሰጡ፣ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

12. የመመለሻ ቀን

ጣሊያን ውስጥ የትራንስፖርት አድማ የተለመደ ነው፣ አርብ ደግሞ ይወደዳል። አድማው ቀድሞ ስለሚነገር ከሁለት ቀን በፊት አጣሩ። ያን ቀን የምትበሩ ከሆነ ባቡሩን ትታችሁ ለታክሲ 55 ዩሮ ከጎን አስቀምጡ። ማደሪያው ታክሲ እንዲጠራላችሁ ማታውኑ ንገሩት።